የቅዳሜ ምሽት ትምህርት ስለ በክታሺዎች፦ ባሕር ዳር ካለ አንድ መጽሐፍ ቤት

ባሕር ዳር ውስጥ መጽሐፍ የሚያከራይ፣ ቅዳሜ ማታ ደግሞ በክፍያ ትምህርት የሚሰጥ ቤት አለ። ሰሞኑን ያጠናቀቀው ተከታታይ ትምህርት ስለ በክታሺዎች፣ ማለትም በቱርክና በባልካን ስለተስፋፋው የሱፊ ጦሪቃ (የመንፈሳዊ መንገድ ማኅበር)፣ እና ከሺዓ ጋር ስላላቸው ዝምድና ነበር። ሺዓ ከነቢዩ በኋላ መሪነቱ ለአማቻቸው ለአልይና ለዘሩ ነው የሚል የሙስሊም ወገን ነው፤ ብዙኃኑ ሙስሊም ሱኒ ነው። ስድስት ቅዳሜ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል። ለስድስቱም 600 ብር ይከፈላል፤ ሻይና ቆሎው ከዚያው ላይ ነው። የሚታደለው ጽሑፍ ለብቻው 40 ብር ነው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተከታትያለሁ፤ ገንዘቤም ጊዜዬም አልቆጨኝም። ቅሬታ የለኝም ማለት ግን አይደለም፤ እሱንም እጽፋለሁ።

ማን እንደሆንኩ ብናገር አስተያየቴን ለመመዘን ይረዳችኋል። የምሠራው መድኃኒት ቤት ነው፤ ትውልዴ ሞጣ ነው፤ ቤተሰቦቼ ሙስሊሞች ናቸው፣ ሸማኔና ነጋዴ። አያቴ ወዳጃ (የዱዓ ጉባኤ) ስትቀመጥ፣ ምጥ ለያዛት ሴት የነቢዩን ልጅ ፋጢማን ስትጠራ፣ መንዙማው ላይ የአልይ ስም ሲነሳ እንባ ሲተናነቃት እያየሁ ነው ያደግሁት። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ይህን ሁሉ “የሺዓ ነገር ነው” ብለው በአንድ ቃል የሚዘጉ ወጣቶች በዝተዋል። አንዱ የገዛ እህቴ ልጅ ነው። መልስ ልሰጠው ፈልጌ መልስ አጣሁ። ማስታወቂያውን የቤቱ መስኮት ላይ እንዳየሁ የተመዘገብኩት ለዚህ ነው።

አስተማሪው ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው፤ ሁላችንም “ጋሼ” ነው የምንላቸው። ትልቁ ችሎታቸው ፍርዱን አለማስቀደማቸው ነው። ገና በመጀመሪያው ቀን አንድ ተማሪ ተነስቶ “በአጭሩ ንገሩን፣ ሺዓ ናቸው ወይስ አይደሉም?” ሲላቸው፣ “መጀመሪያ ማን ለማን ይሰግዳል፣ ማን በማን ሕግ ይዳኛል፣ ማን ማንን መሪዬ ይላል፤ እሱን እንይ” አሉት። ቀጣዮቹ ሳምንታት በሙሉ በዚህ መንገድ ነው የሄዱት። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ካልተጠቀሰ በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያው ቅዳሜ ስለ ሐጂ በክታሽ ወሊ ነበር። በ13ኛው መቶ ዓመት ከኾራሳን፣ ከኒሻፑር ወደ አናቶሊያ (ወደ ዛሬይቱ ቱርክ) የመጡ ደርዊሽ፣ ማለትም የሱፊ መናኝ፣ ናቸው። ያን ጊዜ ሞንጎሎች ምሥራቁን እያጠፉ ስለነበር ብዙ ቱርክመን ዘላንና ደርዊሽ ወደ ምዕራብ ይጎርፍ ነበር። በ1240 አካባቢ የሴልጁቅን መንግሥት ካናወጠው የባባ ኢልያስ ተከታዮች አመጽ ጋር ስማቸው ይነሳል፤ ከአመጹ በኋላ ግን ሱሉጃቃራሆዩክ በምትባል ትንሽ መንደር ተቀምጠው በ1271 ገደማ አረፉ። መንደሯ ዛሬ በስማቸው ትጠራለች፤ ተኬያቸው፣ ማለትም የደርዊሾቹ መኖሪያና መሰብሰቢያ ቤት (ዛዊያ)፣ ከ1964 ጀምሮ ሙዚየም ሆኗል። እዚህ ላይ ጋሼ አጥብቀው የያዙት ነገር አለ፤ ሐጂ በክታሽ ራሳቸው ዛሬ በምናውቀው መልክ “በክታሺ” አልነበሩም። ሥርዓቱን፣ አለባበሱን፣ የመነኮሳቱን ቅርንጫፍ ያደራጁት ባሊም ሱልጣን ናቸው፤ እሳቸው የኖሩት በ16ኛው መቶ ዓመት መባቻ፣ በኦቶማኑ ሱልጣን በዳግማዊ ባየዚድ ዘመን ነው። “ሁለተኛው ፒር” (ሁለተኛው መሥራች አባት) የሚባሉትም ለዚህ ነው። አንድ ጦሪቃ መሥራቹ ካለፈ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ መልኩን እንደያዘ ከተረዳችሁ፣ በመሃል ምን ምን እንደገባበት መጠየቅ ግድ ነው።

ከገባበት አንዱን ሁለተኛው ቅዳሜ ላይ አየን፤ ሑሩፊዎችን። ፈድሉላህ የአስተራባዱ የተባለ ሰው ፊደል ውስጥ፣ በተለይም በሰው ፊት ላይ በተጻፈው ፊደል ውስጥ የእግዜርን ምስጢር አነባለሁ አለ። በ1394 በቲሙር ልጅ በሚራን ሻህ ተገደለ። ገጣሚው ተከታዩ ነሲሚ ደግሞ አሌፖ ላይ ቆዳው ተገፎ ሞተ። የተረፉት ወደ አናቶሊያና ወደ ባልካን ሲበታተኑ ከተጠለሉባቸው ቤቶች ዋናዎቹ የበክታሺ ተኬዎች ነበሩ። ስለዚህ በበክታሺ ግጥም ውስጥ የሰው ፊት ቅዱስ መጽሐፍ ሆኖ ሲነበብ ታገኛላችሁ። ይህን የሺዓ መድረሳ አላስተማራቸውም። ትምህርቱ ጥሩ ነበር፤ ቢሆንም የፊደሉ ስሌት ላይ ብዙ ጊዜ ፈጀ፤ 28ቱንና 32ቱን ፊደል በሰሌዳ ላይ እየደረደሩ ሳለ ከኋላ የነበሩት ማንቀላፋት ጀምረው ነበር።

ሦስተኛው ቅዳሜ ግን ማንም አላንቀላፋም። ሳፋቪዶች ከአርደቢል ከተማ የተነሱ፣ ሼኽ ሳፊ ያቋቋሙት የሱፊ ጦሪቃ ነበሩ፤ ሼኽ ሳፊ በ1334 ሲሞቱ ሱኒ ነበሩ። ከዘር ዘራቸው የመጣው እስማኤል በ1501 ታብሪዝ ላይ ሲነግሥ የ14 ዓመት ልጅ ነው። የአሥራ ሁለቱ ኢማሞች ሺዓ፣ ማለትም ከአልይ ጀምሮ አሥራ ሁለት ኢማሞችን መሪ አድርጎ የሚያምነው ወገን፣ የመንግሥቱ ሃይማኖት እንዲሆን አወጀ። ያነገሡት ቱርክመን ተዋጊዎች ቅዝልባሽ፣ ቀይ ራስ፣ ይባሉ ነበር፤ ለአሥራ ሁለቱ ኢማሞች አሥራ ሁለት ክፋይ ያለው ቀይ ቆብ ስለሚያደርጉ። ብዙዎቹ እስማኤልን የሚያዩት እንደ ሰው ንጉሥ ብቻ አልነበረም። እሱም ኸጣዪ በሚል የብዕር ስም በቱርክኛ ግጥም ይጽፍ ነበር፤ ግጥሙን አሌቪዎችና በክታሺዎች እስከ ዛሬ በሳዝ፣ ክራር በሚመስል የቱርክ መሣሪያ፣ ያዜሙታል።

እዚህ ላይ ከኋላ የተቀመጡ አንድ አባት ቦሩ ሜዳን አነሱ፤ በ1870 ዓ.ም በእኛ አቆጣጠር፣ ተዋሕዶ ብቻ ይጽና ተብሎ የታወጀበትን፣ የወሎ ሙስሊም ደግሞ ክርስትና እንዲነሳ የታዘዘበትን። ጎጃም ውስጥ ይህ ሲነሳ ሰው ሁሉ ጸጥ ይላል፤ የቅባት ሃይማኖት ተከታዩም የሙስሊሙም ልጅ የየራሱን የሚያስበው አለው። ጋሼ ንጽጽሩን አልገፉትም። ልዩነቱን ግን አሳዩን፤ እስማኤል ሲያውጅ አዲሱን ሕግ የሚያስተምሩ ሊቃውንት በአገሩ በበቂ አልነበሩትም። ስለዚህ ሳፋቪዶች ከሊባኖስ፣ ከጀበል ዓሚል፣ እንደ አል-ከረኪ ያሉ ሊቃውንትን አስመጡ። ሊቃውንቱ እየበረቱ ሲሄዱ መንግሥቱን በሰይፍ ያቆሙት ደርዊሾች እየተገፉ ሄዱ። በ17ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ትልቁ ሊቅ ሙሐመድ ባቂር መጅሊሲ የሱፊዎች ተቃዋሚ ነበሩ። በሌላ በኩል በ1514 የኦቶማኑ ሱልጣን ቀዳማዊ ሰሊም ቻልዲራን ላይ እስማኤልን ካሸነፈ በኋላ በኦቶማን ግዛት የቀሩት ቅዝልባሾች ከኢራን መድረሳም ከኢስታንቡል መድረሳም ተቆርጠው ተራራ ላይ ቀሩ። የዛሬዎቹ አሌቪዎች ከእነዚህ የወጡ ናቸው። ሻህ እስማኤልን እንደ ቅዱስ የሚያዩት ሰዎች፣ ሻህ እስማኤል ባቋቋመው መንግሥት ሊቃውንት ዓይን ከመንገድ የወጡ ሆኑ። የትምህርቱ ግማሽ ያለው እዚህ ነው። ይህን ቀን ብቻ ለመስማት 600 ብሩን እከፍል ነበር።

አራተኛው ቅዳሜ የእምነቱና የሥርዓቱ ቀን ነው። ጋሼ ከፌስታል ውስጥ ነጭ ቆብ አወጡ፤ ሥዕል ይዘው ሄደው ከተዳመጠ የበግ ጠጉር ልብስ ሰፊ ዘንድ ያሰፉት ነው። በእጅ በእጅ ዞረ። እኔ ጋ ሲደርስ ገለበጥኩት። ከአናቱ ወደ ጠርዙ የሚወርዱት ስፌቶች ይሻክራሉ፤ ጣቴን እያስኬድኩ ክፋዮቹን ቆጠርኳቸው፤ አሥራ ሁለት። አንደኛው ክፋይ ስፌቱ ስለተጣመመ ከሌሎቹ ጠበብ ይላል፤ ሰፊው በመጨረሻ እንዳጠረበት ያስታውቃል። የበክታሺ ባባ፣ ማለትም መንፈሳዊ አባት፣ ይህን የመሰለ ቆብ ሲያደርግ አሥራ ሁለቱን ኢማሞች ራሱ ላይ ተሸክሟል ማለት ነው። አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉት ድንጋይም አሥራ ሁለት ጠርዝ አለው። አላህ፣ ሙሐመድ፣ አልይ በአንድ ትንፋሽ ይጠራሉ። ለአህለል በይት (ለነቢዩ ቤተሰብ) ወዳጅነትን፣ ለጠላቶቻቸው ጠላትነትን ማሳወቅ አለ። ከኢማሞቹ ቤት በልጅነታቸው የሞቱ “አሥራ አራት ንጹሓን” ይታሰባሉ። የሙሐረም ወር ሲገባ የአልይ ልጅ ሑሰይን ለተገደለበት ለከርበላ ሐዘን ይቀመጣሉ፤ ሑሰይን ተጠምቶ ስለሞተ ንጹሕ ውኃ ከመጠጣት ይታቀባሉ፤ ሲጨርሱ ስንዴ፣ ሽምብራ፣ ባቄላና ደረቅ ፍራፍሬ አንድ ላይ ቀቅለው ዓሹሬ የሚባል ነገር ያበላሉ፤ የእኛን ንፍሮ ስኳር ጨምራችሁ አስቡት። እስከዚህ ያለውን የሰማ ሰው ሺዓ ናቸው ብሎ ቢፈርድ አይፈረድበትም።

ቀጥሎ ጋሼ ሌላውን ወገን አወጡ። አብዛኛው በክታሺ አምስት ወቅት ሶላት አይሰግድም፤ ረመዳንንም እንደ ሌላው ሙስሊም አይጾምም። በጉባኤያቸው ወይን ይቀርባል። ሴትና ወንድ አብረው ይቀመጣሉ። ጥፋት የሠራ በባባው ፊት ይናዘዛል። ያላገቡ፣ ለዕድሜ ልክ የመነኑ ባባዎች አሉ። እነዚህ አንዳቸውም ከሺዓ የትምህርት ከተሞች ከነጀፍም ከቁምም የሕግ መጽሐፍ ውስጥ አይገኙም። በአሥራ ሁለቱ ኢማሞች ሺዓ ዘንድ አሥራ ሁለተኛው ኢማም ተሰውረዋል፤ እስኪገለጡ ድረስ ሰው በሃይማኖቱ ሕግ የሚከተለው አዋቂ ሊቅ አለ። በክታሺ ግን ለሊቅ ፈትዋ (የሕግ ብይን) አይገዛም፤ የሚገዛው መንገድ ላይ ላስገባው ባባና ለባባዎቹ የበላይ ለዴዴው ነው። መዝሀባችሁ (የሕግ መንገዳችሁ) ምንድን ነው ሲባሉ “የኢማም ጃዕፈር” ይላሉ፤ የጃዕፈሪን ፊቅህ፣ የሃይማኖት ሕጉን፣ ግን አይሠሩበትም።

አጠገቤ የነበረች ልጅ “ጃዕፈር ማለት ነጃሺ ፊት ቆሞ የተናገረው ነው?” ብላ ጠየቀች። ጥያቄዋ ደስ አለኝ፤ እኛ አገር ጃዕፈር ሲባል ወደ ሐበሻ የተሰደዱትን ሶሓባዎች የመሩት የአልይ ወንድም ጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብ ናቸውና መጀመሪያ ትዝ የሚሉን። ጋሼ በትዕግሥት ለዩልን፤ ይህኛው ስድስተኛው ኢማም ጃዕፈር አስ-ሷዲቅ ናቸው፣ የአልይ ዘር፣ በ765 መዲና ላይ የሞቱ። ከሱኒ ሊቃውንትም የተማረባቸው አለ፤ ስማቸው በብዙ የሱፊ ሰንሰለት ውስጥ ይገኛል። “ስለዚህ የጃዕፈርን ስም መጥራት ብቻውን የማንም መታወቂያ አይደለም” አሉ። ይህን ማስታወሻዬ ላይ በትልቁ ጽፌዋለሁ።

አራቱ በሮች የሚባለው ትምህርት ላይ ስንደርስ ደግሞ የቅኔ መምህር የሆኑ አንድ መሪጌታ ጣልቃ ገቡ። በክታሺዎች መንገዱን በአራት በር ይከፍሉታል፤ ሸሪዓ (ሕግ)፣ ጦሪቃ (መንገድ)፣ መዕሪፋ (ዕውቀት)፣ ሐቂቃ (እውነት)፤ እያንዳንዱ አሥር አሥር ደረጃ አለው። መሪጌታው “እንግዲያ ሸሪዓው ሰሙ፣ ሐቂቃው ወርቁ ነዋ!” አሉ። ጋሼ ትንሽ ቆም ብለው፣ “ወርቁ ከገባ በኋላ ሰሙ ቀልጦ መውጣት አለበት የሚሉ አሉ። የሺዓ ፉቀሃዎች (የሕግ ሊቃውንት)፣ የሱኒዎቹም ቢሆኑ፣ ሰሙ እስከ ዕለተ ሞት አይቀልጥም ይላሉ። ጠቡ እሱ ላይ ነው” ብለው መለሱ። መሪጌታው ከዚያ በኋላ አንድም ቅዳሜ አልቀሩም።

የአያቴ ነገር የተፈታልኝ በዚህ ምሽት ነው። አያቴ ፋጢማን ትጠራለች፣ ለሑሰይን ታለቅሳለች። ግን አምስት ወቅት ትሰግዳለች፣ ረመዳንን ትጾማለች፤ ኒካሑም ውርሱም በአገሩ ቃዲ፣ በሱኒ ፊቅህ ነው የሚሠራው፤ አቡበክርንና ዑመርን በክፉ አንስታ አታውቅም። ሐረሮችም ዓሹራን በገንፎ ያከብራሉ፣ ለጅቡም ያቀምሱለታል፤ ሱኒዎች ናቸው። የአህለል በይት ፍቅር የሙስሊም ሁሉ ነው፤ ሰውን የሚለየው ከዚያ ፍቅር በኋላ የሚመጣው ሕግና መሪ ነው። ለእህቴ ልጅ ይህንኑ ነገርኩት፤ አልተስማማም፤ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ጠየቀኝ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ አወራን።

አምስተኛው ስለ ጃኒሳሪዎች ነበር፤ አጠር አድርጌ ላልፈው። የኦቶማን የተመረጠው እግረኛ ጦር ሐጂ በክታሽን ጠባቂዬ ይል ነበር። የመጀመሪያውን ጦር ሐጂ በክታሽ ራሳቸው መረቁት የሚለው ትረካ በዘመን አይገጥምም፤ ጦሩ የተቋቋመው እሳቸው ካረፉ በኋላ በ14ኛው መቶ ዓመት ነው። ጋሼ ይህን በሁለት መስመር አሳይተው ማለፋቸው ጥሩ ነው። ሱኒ መንግሥት እንዲህ ያለውን ጦሪቃ ለዘመናት የታገሠው በጦሩ ምክንያት ነው፤ በሰኔ 1826 ዳግማዊ ማሕሙድ ጃኒሳሪዎችን በመድፍ ሲደመስስ ጦሪቃውንም አብሮ አገደው፤ ባባዎች ተገደሉ፣ ተጋዙ፤ ተኬዎቹ ፈርሰዋል ወይም ለሌላ የሱፊ ጦሪቃ ለነቅሸበንዲዎች ተሰጥተዋል። ክሱ ሶላት መተው፣ ወይን መጠጣት፣ ሶሓባዎችን መስደብ የሚል ነበር። እስከ ትናንት ድረስ ያልታየው ሁሉ ጦሩ ሲጠፋ ታየ።

ትልቁ ቅሬታዬ በስድስተኛው ቅዳሜ ላይ ነው። አልባኒያ ለብቻዋ አንድ ምሽት ይገባት ነበር፤ እሳቸው ግን ያለፈውን ሳምንት ተረፈ ትምህርት ሲጨርሱ አመሹና ለአልባኒያ የቀረው ከግማሽ ሰዓት ብዙ አይበልጥም። በ1925 የቱርክ ሪፐብሊክ ተኬዎችን ሁሉ ሲዘጋ የበክታሺዎች የበላይ ሳሊህ ኒያዚ ዴዴ መቀመጫቸውን ወደ ቲራና አዛወሩ። በ1967 የአልባኒያ ኮሙኒስት መንግሥት ሃይማኖትን በጠቅላላ ከለከለ። አገዛዙ ሲወድቅ ተኬዎቹ እንደገና ተከፈቱ። በመስከረም 2024 ጠቅላይ ሚኒስትር ኤዲ ራማ ለበክታሺዎች ቲራና ውስጥ እንደ ቫቲካን ያለ ትንሽ ሉዓላዊ ግዛት የመስጠት ሐሳብ እንዳላቸው አስታወቁ። ይህ ሁሉ በሩጫ አለፈ። ከሁሉ የቆጨኝ የናይም ፍራሸሪ ነገር ነው። እኒህ የአልባኒያ ብሔራዊ ገጣሚ በበክታሺ ቤት ያደጉ ናቸው፤ በ1898 ስለ ከርበላ ረጅም ግጥም ጽፈዋል። የሑሰይን ሐዘን በባልካን ተራራ ላይ የአንድ ሕዝብ የነጻነት ጥማት መናገሪያ የሆነው እንዴት ነው? ከሺዓ ጋር ያለውን ዝምድና ለመረዳት ከዚህ የተሻለ በር የለም። ቤቱ ይህን ምሽት መልሶ ቢያዘጋጅ ገንዘብ ጨምሬም እመጣለሁ።

ሌላው ቅሬታዬ የሺዓ ሊቃውንት በራሳቸው ድምፅ አለመሰማታቸው ነው። ጋሼ “ፉቀሃዎቹ ይቃወማሉ” ይላሉ፤ ለምን እንደሚቃወሙ ግን በቂ አልሰማንም። ከዚሁ ቤት ተከራይቼ ባነበብኩት የዓረብኛ መጽሐፍ ላይ ያገኘሁትን ልንገራችሁ። በሺዓ ታሪክ ውስጥ ኢማሞችን ከሰው በላይ የሚያደርጉ ሰዎች ጉላት፣ ድንበር አላፊዎች፣ ይባላሉ፤ ሺዓ ራሱን ከእነሱ መለየት የጀመረው ገና በኢማሞቹ ዘመን ነው። አቡል ኸጣብ የሚባል ሰው ስለ ኢማም ጃዕፈር አምላክነትን የሚነካ ነገር ሲናገር፣ ኢማም ጃዕፈር ራሳቸው ረግመው አባረሩት። በክታሺዎች መዝሀባችን የሚሏቸው ኢማም ማለት ናቸው። ይህ አንድ ታሪክ አራተኛው ቅዳሜ ላይ ቢነገር ኖሮ ብዙ ነገር ያቀና ነበር። ሺዓም የራሱ የሆነ፣ ከሸሪዓ ሳይወጣ የሚሄድ ዒርፋን (መንፈሳዊ ዕውቀት) እንዳለው ቢጠቀስ ደግሞ፣ ሚዛኑ በክታሺ ማለት መንፈስ፣ ሺዓ ማለት ደረቅ ሕግ ወደሚል ባላዘነበለ ነበር። አንዳንድ ተማሪዎች ያንን ይዘው ነው የወጡት፤ ሲያወሩ ሰምቻለሁ።

የካይሮው ተኬም አልተነሳም። ሙቀጠም ኮረብታ ላይ፣ ዋሻው አጠገብ፣ በቃይጉሱዝ አብዳል ስም የሚጠራ የበክታሺ ተኬ ነበር፤ ከ1952ቱ የግብፅ አብዮት በኋላ ነው የተዘጋው። ለእኛ ከአልባኒያ ይልቅ ካይሮ ትቀርባለች። ብዙ ሸሆቻችን አዝሀር ተምረው ተመልሰዋል፤ ከመካከላቸው ያን ኮረብታ ቀና ብሎ ያላየ ይኖራል ብዬ አላስብም።

ስለ ቤቱ ደግሞ። ክፍሉ ፎቅ ላይ ነው፤ ደረጃው ጠባብና መደገፊያ የሌለው ስለሆነ ጉልበት ለሚያማቸው አዛውንት አይመችም። ወንበሮቹ የፕላስቲክ ናቸው፤ ሰላሳ ያህል ሰው ይይዛል። መብራት ሲጠፋ ወዲያው የቻርጅ አምፖል ያበራሉ፤ ትምህርቱ አይቋረጥም። ከመንገዱ የሚመጣው የባጃጅ ድምፅ ግን መስኮት ካልተዘጋ አያሰማም፤ መስኮት ሲዘጋ ደግሞ ይሞቃል። መግሪብ ሲደርስ ትምህርቱ ቆሞ ከመጻሕፍቱ ጀርባ ያለችው ክፍል ለሰላት ትለቀቃለች፤ ምንጣፉ ንጹሕ ነው፣ ለሴቶች በመጋረጃ ተለይቷል። ጾመኛ ክርስቲያኖች እንዳሉ አይተው ሻዩን ያለ ወተት፣ ቆሎውን ያለ ቅቤ ያቀርባሉ። አስተናጋጇ ልጅ ማን ሻዩን በስኳር፣ ማን ያለ ስኳር እንደሚጠጣ በሁለተኛው ሳምንት ለይታ ነበር። በሰዓቱ መጀመር ላይ ግን ይሰንፋሉ፤ 11 ሰዓት ተብሎ 11 ተኩል መድረስ የተለመደ ነው፤ የስድስተኛው ቅዳሜ ጉዳትም ከዚህ ነው የመጣው።

የሚታደለው ጽሑፍ ይዘቱ ጥሩ፣ ሥራው ግዴለሽ ነው። አንዱ ስም በአንድ ገጽ ላይ “በክታሺ”፣ “ቤክታሽ”፣ “በክታሽይ” ተብሎ ይገኛል። አሌቪዎችንና የሶሪያ አለዊዎችን ያደባለቀ አንቀጽ ነበረበት፤ ሁለቱ የተለያዩ ማኅበረሰቦች ናቸው፣ ጋሼ በቃል አርመውታል፣ ወረቀቱ ግን እንዳለ ነው የሚሸጠው። አሌቪ የሚኮነው በትውልድ፣ በክታሺ የሚኮነው በመግባት እንደሆነ የሚያስረዳው ክፍል ግን ግልጽና አጭር ነው፤ አስቀምጡት። ካርታው በፎቶ ኮፒ ጠቁሮ አርደቢልና ታብሪዝ የት እንዳሉ አይለይም።

የመጽሐፍ ኪራዩ በወር 150 ብር ነው፣ 300 ብር መያዣ ይጠየቃል፤ መያዣውን በሰላም ይመልሳሉ። በዚህ ርዕስ በአማርኛ ያለው መጽሐፍ ትንሽ ስለሆነ ዓረብኛ ወይም እንግሊዝኛ የማያነብ ሰው ለኪራዩ ከመክፈሉ በፊት መደርደሪያውን ይይ። ለትምህርቱ ግን ምንም ቀድሞ ማወቅ አያስፈልግም፤ ሙስሊም መሆንም አያስፈልግም። ከሁላችንም የተሻለ ጥያቄ የጠየቁት መሪጌታው ነበሩ።

ቀጣዩ ተከታታይ ትምህርት ስለ ያርሳኖች፣ አህለ ሐቅ ስለሚባሉት የኩርድ ማኅበረሰብ፣ እና ስለ ሶሪያ አለዊዎች ነው ተብሏል። ዋጋው ያው ነው፣ ምዝገባው እዚያው ሒሳብ መቀበያው ላይ በጥሬ ገንዘብ ወይም በቴሌብር። እኔ ከፍያለሁ። የቤቱ ሰዎች ይህን ካነበባችሁ ደግሞ፣ ካርታውን በቀለም አሳትሙልን፣ 11 ሰዓት ስትሉም 11 ሰዓት ይሁን።